ዘበኛው ያለፈው ፈተና

«ሲስተር ሐሊማ ሞተች። ቀበርናት።»

ጋሽ ዋቆ ስልክ ደውሎ ያለኝ ይህንን ነው፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«መቼ?»

«ጠዋት ሞተች፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት። አዲስ አበባ ሆነህ አትደርስም ብዬ ዝም አልኩህ።»

«ምን ነክቷቸው?»

«ስኳር ነው። እግሯን ቆረጡት። ሊቆርጧት ሲሉ እንኳ ‹ከየት በኩል ነው የምትጀምረው?› ብላ ዶክተሩን ስትፈትነው ነበር አሉ። ከዚያ ልቧ እምቢ አለ።»

ጋሽ ዋቆ አሰላ ውስጥ አብረን በሠራንበት የነርሶች ኮሌጅ ዘበኛ ነበር። አማርኛን በጎልማሳነቱ ስለተማረ «እርስዎ» የሚባለው ነገር አይመቸውም፤ የኮሌጁን ዲንም «አንተ» ነው የሚለው፣ ሚኒስትር ቢመጣም አይለውጥም። እኔ ግን ሲስተር ሐሊማን አንድም ቀን «አንቺ» ብዬ አላውቅም፤ ከሞቱ በኋላም አልጀምርም።

«ለአንተ የተወችው ካርድ አለ» አለኝ። «በእጁ ስጠው ብላለች። ፖስታ ቤት አልሄድም። ና ውሰድ።»

የምን ካርድ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የሲስተር ሐሊማን ካርዶች የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም።

ስለ ሟች መልካም መልካሙን ብቻ መጻፍ ልማዳችን ነው። በየለቅሶው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ብትሰበስቡት ይህች አገር አንድም ክፉ ሰው ሞቶባት አያውቅም። እኔ ከክፉው ልጀምር። ሲስተር ሐሊማ ጨካኝ ነበሩ። ተማሪ ላይ ጠመኔ ይወረውራሉ፤ አይስቱም። ፈተና ሲያርሙ ቀይ እስክሪብቷቸው ወረቀት ይቀድዳል። «ይህን ምርጫ ግደለው»፣ «ይህን ጥያቄ አንገቱን በለው»፣ «ይሄኛው ከሞተ ሰንብቷል፣ አውጣው ይሸታል» ይሉ ነበር። ስለ ወረቀት እያወሩ መሆኑን ያላወቀ መንገደኛ ቢሰማቸው ፖሊስ ይጠራ ነበር።

አስተማሪ ከመሆናቸው በፊት ጉልበታቸውን የጨረሱት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። አርሲን በስንዴው፣ በገብሱና በሯጮቹ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላውን አርሲ አያውቀውም። ሲስተር የሚያውቁት ያን ሌላውን ነበር። የወሰን ጠብ በመጥረቢያ ሲያልቅ፣ ኮምባይነር ክንድ ሲበላ፣ በገበያ ቀን የጋሪ ፈረስ መንጋጋ ሲሰብር፣ ሠርግ ላይ ሁለት ጎረምሶች በአንድ ቃል ሲወጋጉ፣ ከሁሩታም ከሮቤም የሚጫነው ወደ እሳቸው ነበር። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ጥቁር ሻሽ ያስራሉ፣ የወንድ ጫማ ያደርጋሉ። ጫማው የወንድ የሆነው ደም ቶሎ ስለማያስገባ ነው ይላሉ።

እኔ ወደ ኮሌጁ የገባሁት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ነው። ከማስተማሩ ሌላ የመመረቂያውን ፈተና ቋንቋ ማቃናት ሥራዬ ነበር፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩ፣ ማንንም የማላደንቅ ሰው ነበርኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነስቼ፣ የምርጫ ጥያቄ የሰነፍ አስተማሪ ፈጠራ ነው፣ ሰው ተማረ የሚባለው ክፍት ጥያቄ ቀርቦለት በራሱ ቃል ሲጽፍ ነው ብዬ ተናገርኩ። ሲስተር ሐሊማ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስንት ጊዜ ደም አይተሃል?»

«ከጉዳዩ ጋር ምን…»

«በድርሰት ሰው ይሸሻል፣ ልጄ። እዚያም እዚህም ብሎ ያመልጥሃል። ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ግን አራት ነገር ነው ያለህ፤ ሦስቱ ይገድላሉ። ለመሸሽ ጊዜ የለህም። ነገ ጠዋት ና። የምታሳምረውን ነገር መጀመሪያ እየው።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሲስተር ስምንት ተማሪዎችንና እኔን የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሥር አሰለፉን። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሰው አመጡ፤ ቀኝ ትከሻው በመጥረቢያ ተከፍቷል። ወንድሙ የተንጠለጠለውን ክንድ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፎ ከጎኑ ይሄዳል። የቆሰለው ሰውዬ አያለቅስም፤ የመታውን ሰው ስም እየጠራ ይሳደባል። በተሳደበ ቁጥር ደሙ ይፈነጥቃል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው።

ወለሉ ላይ ተጋድሜ የሲስተርን ድምፅ ሰማሁ። ሰውየውን በአንድ እጃቸው እየተጫኑ ተማሪዎቹን ይጠይቃሉ።

«መምህሩ ወድቋል። በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ውሃ እንርጭበት ሲስተር!» አለች አንዷ።

«ጎሽ! ይኼ ነው የምፈልገው። ጥሩ የተሳሳተ መልስ ነው። እግሩን ከፍ አድርጊና ተይው፣ ራሱ ይነሳል። ብዙም አይጠቅምም፣ ለጊዜው ግን ያስፈልገናል።»

ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ገብቼ ካርዶቹን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጥያቄዎቻቸውን የሚጽፉት ከማተሚያ ቤት በተረፈ ጠንካራ ወረቀት ላይ ነው። በፊቱ ጥያቄውና አራቱ ምርጫዎች አሉ። በጀርባው ደግሞ ለሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር ተጽፏል፤ ስህተቱን በእውነት የሠራው ሰው፣ ቦታው፣ የሆነው ነገር። ሕጋቸው ይህ ነበር፦ ሰው ያልተሳሳተውን ስህተት ምርጫ ውስጥ አያስገቡም።

«ከጭንቅላትህ ፈጥረህ የምትጽፈው ውሸት ሞኝ ብቻ ነው የሚመርጠው» ይሉ ነበር። «ሞኝ ደግሞ እዚህ ድረስ አልመጣም። ከመቃብር አምጣ።»

አንዱን ካርድ ገለበጥኩ። «ቢ፦ ሁሩታ፣ የወፍጮ ቀበቶ፣ ክንድ። በሽቦ አሰሩት። ሞቷል።» ሌላውን ገለበጥኩ። «ዲ፦ ሮቤ፣ ዱላ፣ ራስ። ‹ይተኛ፣ ይሻለዋል› አሉ። ሞቷል።» ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ያልደረቀ አዲስ ካርድ ነበር። «ኤ፦ አሰላ፣ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ራሱን ስቶ። ‹ውሃ እንርጭበት› አሉ። ተርፏል።» የእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ «ሞቷል» ወይም «ተርፏል» ነው። ሦስተኛ ቃል አልነበራቸውም።

ጥያቄ ማሻሻል በእሳቸው ቤት እርድ ነበር። ከፈተና በኋላ የመልስ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በመካከሉ እየተራመዱ ይቆጥራሉ። ማንም ያልመረጠው ምርጫ ይገደላል። ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ የመለሱት ጥያቄ ይታሰራል፤ እንዴት እንደሆነ እስኪታወቅ አይወጣም። ሁሉም የሳቱት ጥያቄ ላይ ደግሞ የወደቀው ጠያቂው ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው ራሳቸው ላይ ይዞራል። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ ሲያዩ «ይኼ ሰውዬ ደክሞት ተኝቷል» ይላሉ። «ከሚከተሉት ውስጥ ማድረግ የሌለብህ የቱ ነው?» የሚል ሲያዩ ያብዳሉ። «ደም የሚተፋ ሰው ፊት ቆሞ ማድረግ የሌለበትን የሚያስብ ነርስ አለ? የሚያደርገውን ጠይቀው!»

የመጨረሻው ሚዛን ግን ጋሽ ዋቆ ነበር።

ማንኛውም ፈተና ከመባዛቱ በፊት ለዘበኛው ይሰጣል። ጋሽ ዋቆ ፊደላቱን ከመለየት በቀር እንግሊዝኛ አያውቅም፤ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። በሩ ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንዳየው ያጠቁራል። ከአራት አንዱን ካገኘ ዕድል ነው። ከዚያ ከበለጠ ፈተናው አፉን ከፍቷል ማለት ነው፤ ምንም የማያውቅ ሰው በመልክ ብቻ መልሱን እያየው ነው።

«ዘበኛው ካለፈ ፈተናው ወደቀ» ይሉ ነበር ሲስተር።

እኔ መጀመሪያ ያቃናሁትን አሥር ጥያቄ ሰጡት። ዘጠኙን አገኘ። ሲስተር ሐሊማ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርሳቸውን አልሸፈኑም።

«ዋቆ፣ እንዴት አወቅከው?»

«ረጅሙን ነዋ። ውሸታም ሰው አይለፋም። እውነቱን የሚናገረው ነው ይህንን ሁሉ ቃል የሚደረድረው።»

«ሰማኸው?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «መልሱን ታሳምረዋለህ፣ ሐሰቱን ግን ትንቀዋለህ። ልክ የሆነው ላይ ‹በጥንቃቄ›፣ ‹እንደ ሁኔታው›፣ ‹አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ› እያልክ ካባ አለበስከው። ሦስቱን ራቁታቸውን ተውካቸው። ሙሽራው ማን እንደሆነ ዕውር ያውቃል።»

ተከራከርኩ። ጥሩ ቋንቋ ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው አልኩ። ሲስተር ቀዩን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ተከሉት።

«እነዚህ ልጆች እቤታቸው በኦሮምኛ አድገው፣ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ተጣልተው፣ በሦስተኛ ቋንቋ ነው የሚፈተኑት። የእንግሊዝኛህ ካባ ሲበዛባቸው አያነቡትም። በርዝመቱ ይለኩታል። አሳጥረው! አራቱንም እኩል አድርገህ ቁረጣቸው።»

ቆረጥኩ። ሁለት ዓመት እንዲያ ሠራን። ጋሽ ዋቆ መውደቁን ቀጠለ፣ እኔም ጥበቡን የተማርኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የመመረቂያው ፈተና ሲደርስ፣ ሲስተር በስኳሩ ተኙ። ወረቀቱን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ተቀበልኳቸው፤ ቤታቸው ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው።

«አቃናውና አባዛው» አሉኝ። «ዋቆን ግን እንዳትዘለው።»

ዘለልኩት። ጊዜ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ጊዜ ነበረ። እውነቱ ሌላ ነው። ያን ሰሞን በአንድ ጋዜጣ ላይ መጣጥፎቼ መውጣት ጀምረው ነበር፣ ሰው በመንገድ ላይ ያቆመኝ ነበር። ወረቀቴን ይዤ ዘበኛ ፊት መቆም አልፈለግኩም። ሲስተርም ከላይ ሆነው ስለማያዩኝ ብዕሬን ለቀቅኩት።

ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ነበር። ደረቱ ላይ ቢላ እንደተሰካ ሰው መጣ፤ ነርሱ በመጀመሪያ ምን ያደርጋል? ሐሰቶቹ አጫጭር ነበሩ፦ ቢላውን ይነቅላል፣ ውሃ ያጠጣዋል፣ በደረቱ ያስተኛዋል። ልኩን ሲስተር «ቢላው እንዳይነቃነቅ ደግፎ ይልከዋል» ብለው ነበር የጻፉት። እኔ «ቢላው ባለበት እንዲቆይ በማድረግ፣ በሁለቱም ጎን በተጠቀለለ ፋሻ በጥንቃቄ በመደገፍ፣ አተነፋፈሱን በየጊዜው በመከታተል፣ ሁኔታው በሚፈቅደው ፍጥነት ወደ ከፍተኛ ሕክምና ያስተላልፈዋል» አደረግኩት። ሦስት መስመር ሞላ። ዛሬም ቢሆን የቋንቋ ስህተት የለበትም።

ልጆቹ አለፉ። ከመካከላቸው ለሚ የሚባል ደካማ ተማሪ ነበር፤ ለጥቂት አለፈ። ከአርቦዬ ወዲያ ወዳለ አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ተመደበ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ አካባቢ ሠርግ ላይ ጠብ ተነሳ። ከድር የሚባል የሁለት ልጆች አባት ደረቱ ላይ ቢላ ተሰክቶበት ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሩ መጣ። በእግሩ! እጀታው ከሸሚዙ ውጪ ቆሞ፣ ወንድሙ አማን ከጎኑ ሆኖ፣ እያወራ ገባ። «አውጣልኝ» አለው ለሚን። ለሚ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው። ደሙ ጣሪያ ነካ አሉ። ከድር ወንድሙን አንዴ አየውና ተንበረከከ፤ ከዚያ አልተነሳም። አማን ለሚን የመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ከነመስታወቱ ጣለው። ፖሊስ ባይደርስ ሁለት ሬሳ ይሆን ነበር።

ሲስተር ወሬውን እንደሰሙ የለሚን የመልስ ወረቀት ከመጋዘን አወጡ፤ አዩት፣ ደግመው አዩት። ከዚያ ቢሮዬ መጡ።

«ተነስ። አርቦዬ እንሄዳለን።»

ለሚን ያገኘነው ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ውጪ ቢሆን ይገድሉታል ብለው አስገብተውታል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ሲስተር ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

«ይህ ጥያቄ ወጥቶልህ ነበር። ልክ መልሰሃል።»

«አዎ ሲስተር።»

«ታዲያ ለምን ነቀልከው?»

ለሚ በአንድ ዓይኑ ወረቀቱን አየ።

«ሲስተር፣ አላነበብኩትም። ረጅም ነበር። ረጅሙን ነው ያጠቆርኩት። ሁላችንም ረጅሙን ነው ያጠቆርነው።» አፉን በክንዱ ጠረገ፤ ደም ነበረው። «መልሱ እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ምን እንደሚል ነው ያላወቅኩት።»

በሚኒባስ ተመለስን። አሰላ ስንደርስ ሲስተር በቀጥታ ወደ ኮሌጁ በር ሄዱና የመመረቂያውን ፈተና አንድ ቅጂ ለጋሽ ዋቆ ሰጡት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አጠቆረ። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም በሩን እስኪሸፍን ቆመን ጠበቅነው። ሲስተር በእስክሪብቷቸው አረሙት። አለፈ። ከለሚም በለጠ።

«እንግዲህ ነርስ ሆንኩ» አለ ጋሽ ዋቆ እየሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

«ዋቆን አስፈትነኸው ነበር?» አሉኝ ሲስተር።

«ጊዜ አልነበረም» አልኩ።

ጠመኔ ይወረውሩብኛል ብዬ ጠበቅኩ። መንገዱን ተሻግረው ቤታቸው ገቡ።

በሳምንቱ የከድር ዘመዶች መጡ። በአይሱዙ ተጭነው ነው የመጡት፣ ሁሉም በትር ይዘዋል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት አሉ። ዲኑ በኋላ በር ወጣ። መምህራኑ ክፍል ዘጉ። እኔ የሁለተኛው ፎቅ መስኮት ጋ ቆሜ፣ ድንጋይ እንዳይመጣ መስተዋቱን ዘግቼ፣ ወደ ታች አይ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ የዲኑን መኪና መታ፤ ሁለተኛው የጋሽ ዋቆን ትከሻ። ጋሽ ዋቆ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም።

ሲስተር ከቤታቸው ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ። እጃቸው ባዶ ነበር።

አርሲን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። እዚህ አገር ያገባች ሴት ሲንቄ አላት፤ በሠርጓ ቀን የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሲንቄዋን ይዛ በሁለት ጠበኞች መካከል ከቆመች ጠቡ ይቆማል፤ እሷን የሚመታ ወንድ አይገኝም። የሲስተር ሲንቄ እሳቸው ቤት በር ጀርባ ቆሞ አይቼዋለሁ።

ታላቁ ሽማግሌ በኦሮምኛ ጠየቀ፤ ድምፁ መስኮቴ ድረስ ይሰማል። ይህን ልጅ ነርስ ነህ ያለው ማነው? ጥፋቱ የማን ነው?

ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ።

«የእኔ ነው» አሉ ሲስተር ሐሊማ።

ቃሉ ሳያልቅ የአማን በትር ራሳቸው ላይ አረፈ። ድምፁ እንደሚሰበር ደረቅ እንጨት ነበር። ሻሻቸው ወለቀ፣ ተንገዳገዱ፣ አልወደቁም። ሁለተኛ ሊደግም ሲል ሽማግሌዎቹ ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ፤ እየጮኸ፣ የወንድሙን ስም እየጠራ፣ እየጎተቱ ወሰዱት።

እኔ ስወርድ ሲስተር መለማመጃ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ደሙ በአንገታቸው ወርዶ የወንድ ጫማቸው ውስጥ ገብቷል። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መርፌ ይዛ ታለቅሳለች።

«አታልቅሺ፤ ቁስሉ ውስጥ ይንጠባጠባል» ይሏታል። «ንገሪኝ። ከመስፋትሽ በፊት በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ኤ፣ ፀጉሩን ትነጪያለሽ። ቢ፣ ታጥቢዋለሽ። ሲ፣ ትሮጪያለሽ። ዲ፣ እንግሊዝኛ መምህሩን ትጠይቂያለሽ።»

«ቢ፣ ሲስተር።»

«ጎሽ። እጠቢው።»

ልጅቷ እየሰፋች እኔ ፋሻ ይዤ ቆምኩ። ሌላ የምለው ስላጣሁ «ሲንቄዎን ይዘው ቢወጡ ኖሮ አይመታዎትም ነበር» አልኳቸው።

«አይመታኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልያዙም?»

«ሲንቄ በደል የያዘ ሰው መሸሸጊያ አይደለም» አሉ፤ አላዩኝም።

የዚያን ቀን መናገር እችል ነበር። በማግስቱ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ያኔም እችል ነበር። እኔ ግን ተነስቼ የፈተናው ቋንቋ አንድም ስህተት እንደሌለበት አስረዳሁ። ረጅም ንግግር ነበር፤ ዲኑ አመሰገነኝ። ሲስተርን ከፈተና ሥራ አነሷቸው፤ ከዚያ በኋላ አልጋ አነጣጠፍ ብቻ ያስተምሩ ነበር። እኔ በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር ማንም ለጥፋቱ ኃላፊነት አይወስድም የሚሉ ብዙ መጣጥፎች ጽፌያለሁ። አንባቢዎች ይወዷቸዋል።

ጋሽ ዋቆ ከደወለልኝ በሁለተኛው ቀን አሰላ ወረድኩ። አርጅቷል፤ ያችው ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። ካርዱን ከኮቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ።

የሲስተር ጽሕፈት ነው፤ በአማርኛ። ዘበኛውን የዘለለ የቋንቋ መምህር፣ ሽማግሌዎች «ጥፋቱ የማን ነው?» ሲሉ በመጀመሪያ ምን ያደርጋል?

ሀ. «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል።
ለ. መስኮት ጋ ቆሞ ያያል።
ሐ. «ቋንቋው ልክ ነው» ይላል።
መ. አዲስ አበባ ሥራ ይፈልጋል።

አራቱም እኩል ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው በአንድ ቃል እንኳ አይረዝምም። ገለበጥኩት። «ለ፦ አሰላ፣ የእንግሊዝኛ መምህር። ሐ፦ እሱው። መ፦ እሱው።» ከእያንዳንዱ መስመር ቀጥሎ «ሞቷል» ወይም «ተርፏል» የሚለው ቃል መኖር ነበረበት። ቦታውን ባዶ ትተውታል።

«ምን ይላል?» አለ ጋሽ ዋቆ።

«አርቦዬ የከድርን ቤት ታውቀዋለህ?»

ትንሽ አየኝና ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። «አልኩ እኮ፣ በፖስታ የሚላክ አይደለም።»

በሚኒባሱ ውስጥ ንግግሬን አዘጋጀሁ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ያኔ የነበረው ሁኔታ፣ የኮሌጁ አሠራር፣ የቋንቋው ጣጣ፣ የእኔም ድርሻ እንደ ሁኔታው ሲታይ። በየማጠፊያው አንድ ሐረግ ይጨመርበታል። ሁሩታን ስናልፍ ሦስት መስመር ሳይሆን ሦስት ገጽ ሆኖ ነበር።

የከድር ቤት ስንደርስ አማን ከበረቱ ወጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ በትር ይዟል። ያችው በትር መሆኗን አላውቅም፣ አያያዙ ግን ያው ነው። ከኋላው አንድ ወጣት ቆሟል፤ የከድር ልጅ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ ዓይኑ ነገረኝ። እንዲተረጉምልኝ ወደ ጋሽ ዋቆ ዞርኩ።

«አማርኛ ይችላል» አለኝ ጋሽ ዋቆ። «ራስህ ንገረው።»

ሦስቱን ገጽ ተውኩት።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ከድርን የገደለው ጥፋት። ያን ቀን ሲስተር ሐሊማ ‹የእኔ ነው› ያሉት የእሳቸው አልነበረም።»

በትሩ ተነሳ። አልሸሸሁም፤ ጀግንነት ግን አይደለም። በትሩ ግን አናቴ ላይ ሳያርፍ እዚያው ላይ ቀረ፤ ጫፉ ሲወዛወዝ አየዋለሁ።

«ያችን ሴትዮ» አለ። «ያችን ሴትዮ በከንቱ ነው የመታኋት?»

«አዎ።»

«ሞታለች አሉ።»

«ሞተዋል።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። በትሩ እንደተነሳ ነው።

«አንተስ?» አለኝ። «ያን ቀን የት ነበርክ?»

ምርጫ አልሰጠኝም። ዕድሜ ልኬን ሰው በክፍት ጥያቄ ይፈተን ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይኸው ተሰጠኝ። እዚያም እዚህም ብዬ መሸሽ እችል ነበር።

«መስኮት ጋ ቆሜ አይ ነበር» አልኩት።